ከቤተሰብ የተወረሰ የድሮ የወንድ ባርኔጣን ዓይነትና ዕድሜ ለይቶ ማወቂያ ዝርዝር መመሪያ

የወረሰውን ባርኔጣ ዕድሜ ለማወቅ የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው፣ በገበሩ ላይ የታተመውን የኩባንያውን የምሥረታ ዓመት ባርኔጣው የተሠራበት ዓመት አድርጎ ማንበብ ነው። ሁለተኛው፣ ማስረጃው ሳይመዘገብ ባርኔጣውን ማጽዳትና በእንፋሎት ቅርፁን ማስተካከል ነው። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ቁርጥ ያለ ዓመት መፈለግ ነው፤ ባርኔጣ ሠሪዎች የምርቱን ዓመት በዕቃው ላይ የሚጽፉበት ጊዜ እምብዛም ስላልነበረ ይህ ፍለጋ ወደ ግምት ይወስዳል። በዚህ መመሪያ የሚፈለጉት ሁለት ወሰኖች ናቸው፦ ባርኔጣው ከየትኛው ዓመት በፊት ሊሠራ እንደማይችል እና ከየትኛው ዓመት በኋላ ሊሠራ እንደማይችል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚከተሉትን ያዘጋጁ፦ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወት፣ ጫፉ ያልሾለ ወረንጦ፣ ጓንት፣ ካሜራ ያለው ስልክ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ ካገኙ በደረጃ 4 ይጠቅምዎታል። እስክሪብቶን ከባርኔጣው አጠገብ ያርቁ፤ የፈሰሰ ቀለም ከፌልት ላይ አይለቅም።

*ማስጠንቀቂያ።* ፌልት ማለት ሳይሸመን በሙቀት፣ በእርጥበትና በግፊት እርስ በርሱ የተጣበቀ ፀጉር ወይም ሱፍ ነው። በቀድሞው ዘመን የጥንቸልና የቢቨር (በውኃ ዳር የሚኖር ባለ ፀጉር እንስሳ) ፀጉር በቀላሉ እንዲጣበቅ በሜርኩሪ ውህድ ይታከም ነበር፤ አሜሪካ ይህን አሠራር የከለከለችው በታኅሣሥ 1941 ነው። ስለዚህ ዕድሜው ያልታወቀ የፀጉር ፌልት ባርኔጣ ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል ብለው ይነሡ። ጓንት ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ባርኔጣውን አያራግፉ፣ በደረቅ ብሩሽ አጥብቀው አይቦርሹ፣ በእንፋሎት ላይ ፈጽሞ አይያዙት። ሙቀት ሜርኩሪን ወደሚተነፈስ ትነት ይለውጣል። ሕፃናት እንዲለብሱት አይስጧቸው፤ ሥራውን ሲጨርሱም እጅዎን ይታጠቡ።

ባርኔጣውን ሲያነሡ ከፊት በኩል የተቆነጠጠውን ቦታ አይያዙ፤ ያረጀ ፌልትና ሰሌን መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። በሁለት እጅ ከክፈፉ (ዙሪያውን ከወጣው ጠርዝ) ሥር ደግፈው ያንሡት። ሲያስቀምጡት በክፈፉ ላይ አይደፉት፤ ጉልላቱን (ራስ የሚገባበትን ክፍል) ወደ ታች አድርገው፣ በተጠቀለለ ፎጣ ደግፈው ያሳርፉት።

ብል ወይም እጭ ካዩ ምርመራውን ያቁሙ። ባርኔጣውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። ካወጡት በኋላ ሙቀቱ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ድረስ እሽጉን አይክፈቱ፤ አለዚያ እርጥበት ይይዘዋል።

ደረጃ 1፦ እንዳለ ይመዝግቡት

ምንም ሳይነካኩ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይና ከውስጥ ፎቶ ያንሡ። በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ሜትሩ አብሮ ይታይ። በባርኔጣው ውስጥ ወይም በካርቶኑ ውስጥ የተገኘ ወረቀት ሁሉ፣ የታጠፈ ጋዜጣም ቢሆን፣ ከየት እንደወጣ ጽፈው ለብቻው ያስቀምጡ። ባርኔጣ የሰፋባቸው ሰዎች ግንባር ላይ ከሚያርፈው የውስጥ ቆዳ ሥር ጋዜጣ አጥፈው ይከትቱ ነበር፤ ቀን ያለበት ቁራጭ ከተገኘ ባርኔጣው በዚያ ጊዜ ገደማ ይለበስ እንደነበር ይጠቁማል። የተሠራበትን ዓመት ግን አይነግርም።

ካርቶኑን እንደ ማስረጃ በጥንቃቄ ይመልከቱት። ባርኔጣና ካርቶን በቀላሉ ይቀያየራሉ፤ የጥሩ ሱቅ ካርቶን ለሌላ ባርኔጣ ማስቀመጫ ሆኖ ዘመናት ሊቆይ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ዓይነቱን ይለዩ

ዓይነቱን ከጉልላቱና ከክፈፉ ይወስኑ። ጉልላቱ ጠንካራና ድቡልቡል፣ ክፈፉ አጭርና ወደ ላይ የተጠቀለለ ከሆነ ቦውለር ነው፤ ይህ ዓይነት መጀመሪያ የተሠራው በለንደን በ1849 ስለሆነ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ጉልላቱ ከመሐል በአንድ ረጅም ስርጉድ የተከፈለ፣ ክፈፉ ዙሪያውን ጠንክሮ ወደ ላይ የተቆለመመና በሪባን የተለበጠ ከሆነ ሆምበርግ ነው። ፌልቱ ለስላሳ፣ ክፈፉ ከፊት ወደ ታች የሚታጠፍ፣ ጉልላቱ ከፊት በሁለት ጎን የተቆነጠጠ ከሆነ ፌዶራ ነው፤ ብዙዎቹ የሚወረሱት ባርኔጣዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ጠፍጣፋ ጉልላትና ጠፍጣፋ ክፈፍ ያለው ጠንካራ የሰሌን ባርኔጣ ቦተር ሲሆን፣ ለስላሳውና በጥሩ ሁኔታ የተጎነጎነው ፓናማ ይባላል። ስሙ ፓናማ ይሁን እንጂ ትክክለኛው የሚሠራው በኢኳዶር ነው፤ ስለዚህ «ኢኳዶር» የሚል ጽሑፍ ቢያገኙ ሐሰተኛ ነው ብለው አይጣሉት።

በስርጉዱ ቅርፅ ብቻ አይፍረዱ። ለስላሳ ፌልት ጉልላቱ ሳይሰረጎድ ተሽጦ፣ ባለቤቱ ወይም ሻጩ እንደወደደ ሊያሰረጉደው ይችላል።

ደረጃ 3፦ የተሠራበትን ነገር ያረጋግጡ

ፌልቱን ከውስጥ ቆዳው ሥር፣ ፀሐይና እጅ ካልነካው ቦታ፣ በማጉያ ይመልከቱ። የፀጉር ፌልት ክሮቹ እጅግ ቀጫጭን፣ ገጹ ጥቅጥቅ ያለና ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ የሱፍ ፌልት ክሮቹ ወፈር ያሉና የተጠማዘዙ ሆነው ይታያሉ፣ ሲዳሰስም ሻካራ ነው።

ብዙ ሰው የሚመክረው የማቃጠል ፈተና እዚህ ብዙ አይረዳም። ፀጉርም ሱፍም ሲቃጠሉ የሚሸቱት አንድ ዓይነት የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ነው፤ ፈተናው የሚለየው ሰው ሠራሽ ክርን ብቻ ነው። ሜርኩሪ ሊኖርበት የሚችለውን ፌልት ማቃጠል ደግሞ ለዚህች ትንሽ ዕውቀት የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ይተዉት።

በቆዳው ላይ የሚታየው የ«ኤክስ» ፊደል ብዛት፣ ለምሳሌ 3ኤክስ ወይም 7ኤክስ፣ የፌልቱን ደረጃ ያመለክታል። በሁሉም ሠሪዎች ዘንድ አንድ የሆነ መለኪያ ግን አልነበረም፤ የአንዱ ኩባንያ ደረጃም ከዘመን ዘመን ተለውጧል። ስለዚህ የኤክስን ቁጥር ወደ ቢቨር መቶኛ አይመንዝሩ።

ደረጃ 4፦ የውስጥ ቆዳውን ይክፈቱ

ሥራው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ብዙ ባርኔጣም የሚበላሸው እዚሁ ነው። ግንባር ላይ የሚያርፈው የውስጥ ቆዳ ከሥሩ የመጠን ወረቀት፣ የሠራተኛ ማኅበር ምልክትና የማዘዣ ቁጥር ይደብቃል። በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. ቆዳውን ሳይገልጡ በፊት በጣትዎ በቀስታ ይጫኑት። ከተንኮሻኮሸ፣ ቀይ ዱቄት ከለቀቀ ወይም ጠርዙ ከተሰነጠቀ አይገልብጡት፤ ወደ ቁጥር 5 ይለፉ።
2. ለስላሳ ከሆነ ከኋላ በኩል፣ ቆዳው ከሚጋጠምበት ስፌት አጠገብ ይጀምሩ። በአንድ ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ሳንቲ ሜትር በላይ አይግለጡ።
3. የተገለጠውን ቦታ ፎቶ ያንሡና ቆዳውን መልሰው ወደ ቀጣዩ ይሂዱ። ሙሉውን ዙሪያ አንድ ላይ ገልብጦ መተው ስፌቱን ይበጥሳል።
4. የወረቀት ምልክት ካገኙ አይላጡት፣ አያርጥቡት፣ ለማቅናትም አይሞክሩ። በወረንጦ የሚነካው የተላቀቀ ጫፍ ብቻ ነው።
5. ቆዳው የማይገለጥ ከሆነ መስታወቱን በውስጥ አጋድመው፣ በባትሪ ከጎን እያበሩ፣ በስልክዎ ካሜራ ይቅረጹ። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የደበዘዘ የወርቅ ማኅተምን ከፊት ለፊት ብርሃን ይልቅ በግልጽ ያወጣዋል።

ቆዳው ከተቀደደብዎ ሙጫ አይጠቀሙ። የተቀደደውን ቦታ ፎቶ አንሥተው፣ ቁራጩን በፖስታ ውስጥ ከቦታው ስም ጋር ያስቀምጡ። ድርቀቱን ለማስታገስ ዘይት ወይም ቅባት መቀባትም ስሕተት ነው፤ ቅባቱ ወደ ወረቀቱና ወደ ፌልቱ ይሰርጋል፣ ጽሑፉንም ያጠፋል።

አልትራቫዮሌት ባትሪ ካለዎት ክፍሉን አጨልመው ክሩን፣ ገበሩንና ወረቀቱን ያብሩበት። ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ነገር በፋብሪካ የሚጨመር የማንጫ ኬሚካል ያለበት ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ኬሚካሎች በገበያ የተስፋፉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ያበራው ክር የኋላ ጥገና ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ክር ብቻ ካበራ ጥገናውን እንጂ ባርኔጣውን አልለኩም። አለማብራትም አሮጌ መሆኑን አያረጋግጥም።

ደረጃ 5፦ ጽሑፎቹን እንደ ማስረጃ ያንብቡ

ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ ፊደል በፊደል ይገልብጡ፤ ያልተነበበውን በነጥብ ይተኩ እንጂ በግምት አይሙሉት። ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው ይመዝኑ።

*የምሥረታ ዓመት።* ስቴትሰን በፊላደልፊያ የተመሠረተው በ1865 ነው፤ ቦርሳሊኖ በጣሊያን አሌሳንድሪያ በ1857፤ የለንደኑ ሎክ በ1676። እነዚህን ዓመታት በገበር ላይ ካዩ ኩባንያውን ያስተዋውቃሉ፣ ሌላ ነገር አይነግሩም። እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ የ1950ዎቹን ባርኔጣ የ19ኛው መቶ ዓመት አድርጌ መዝግቤ ነበርና፣ ስሕተቱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቀዋለሁ። የሽልማት ሜዳይም እንዲሁ ነው፦ በ1900 የፓሪስ ትርኢት የተገኘ ሽልማት ባርኔጣው ከዚያ በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ያረጋግጣል፤ ሠሪዎች ሜዳዩን ለብዙ አሥርት ዓመታት ማተማቸውን ቀጥለዋል።

*የኩባንያ ለውጥ።* ይህ ከምሥረታ ዓመት ይልቅ ይጠቅማል። ማሎሪ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ስቴትሰን የገዛው በ1946 ስለሆነ፣ ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ የታተሙበት ገበር ከዚያ በኋላ ነው። ስቴትሰን የፊላደልፊያውን ፋብሪካ የዘጋው በ1971 ነው፤ በስሙ ሥር ጋርላንድ፣ ቴክሳስ የሚል ካነበቡ ባርኔጣው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

*የሠራተኛ ማኅበር ምልክት።* በአሜሪካ ባርኔጣዎች ውስጥ እንደ ፖስታ ቴምብር ጠርዙ የተሸረከተ ትንሽ ወረቀት ይገኛል። «ዩናይትድ ሃተርስ ኦፍ ኖርዝ አሜሪካ» የሚል ብቻ ከሆነ ማኅበሩ በ1896 የተቋቋመ ስለሆነ ከዚያ በፊት አይሄድም። የቆብና የሴት ባርኔጣ ሠራተኞችን ስም ጨምሮ የያዘ ከሆነ ማኅበራቱ የተዋሐዱት በ1934 ስለሆነ ባርኔጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሙሉውን ስም ማንበብ ግድ ነው፤ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ አይቶ መወሰን የተለመደ ስሕተት ነው።

*የሱቅ ስምና አድራሻ።* በቆዳው ላይ ከሠሪው ስም ጋር የሻጩ ሱቅ ስም ሊታተም ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ጠባብ ወሰን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ ሱቅ በአንድ መንገድ ላይ የሚቆየው ለተወሰኑ ዓመታት ስለሆነ፣ በቤተ መጻሕፍትና በመዛግብት የሚገኙ የቆዩ የከተማ የንግድ ማውጫዎች መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ ያሳያሉ። የአድራሻው አጻጻፍም ራሱ ይናገራል። በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ከከተማው ስም ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ያለው የፖስታ ቀጠና ቁጥር የተጀመረው በ1943 ሲሆን፣ አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር የተተካው በ1963 ነው።

*የፓተንት ቁጥር።* የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር ከ1,000,000 በላይ የሆነው በ1911፣ ከ2,000,000 በላይ የሆነው በ1935፣ ከ3,000,000 በላይ የሆነው በ1961 ነው። ቁጥሩን በእነዚህ መካከል አስቀምጠው የታችኛውን ወሰን ያግኙ። ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላ ቁጥሩ ለዓመታት ስለሚታተም የላይኛውን ወሰን አይሰጥም።

*የአገር ስም።* ቼኮስሎቫኪያ ከ1918 እስከ 1992፣ ምዕራብ ጀርመን ከ1949 እስከ 1990፤ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ ደግሞ እስከ 1918 ብቻ። አገር የፈረሰበት ዓመት የላይኛውን ወሰን ከሚሰጡ ጥቂት ማስረጃዎች አንዱ ነው።

*የእንግሊዝ ባርኔጣ ከሆነ።* ለንጉሥ የሚያቀርብ ሠሪ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ «ንጉሥ» ካለ ከ1901 እስከ 1952 ያለውን ዘመን ይጠቁማል፤ «ንግሥት» ካለ ግን ቪክቶሪያን ከኤልሳቤጥ ለመለየት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። በሺሊንግና በፔንስ የተጻፈ ዋጋ ከየካቲት 1971 በፊት ነው።

*ምንነቱ ያልታወቀ ቁጥር።* በመጠን ወረቀቱ አጠገብ ያለ አራት ወይም አምስት አኃዝ ብዙውን ጊዜ የሞዴል፣ የቅርጽ ወይም የማዘዣ ቁጥር ነው። ከ19 ቢጀምር እንኳ ዓመት ነው ብለው አይውሰዱት።

ደረጃ 6፦ ይለኩ

የክፈፉን ስፋት ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎን፣ የጉልላቱን ከፍታ ከጎን፣ የሪባኑን ስፋት ደግሞ ከቋጠሮው ራቅ ብለው ይለኩ። በጥቅሉ የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ ፌዶራ ጉልላቱ ከፍ ያለ፣ ክፈፉ ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ሪባኑም ሰፊ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ሁሉም ጠበበ፤ ክፈፉ ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች የወረደበት፣ ሪባኑም ቀጭን የሆነበት ጊዜ ነው። ይህ ግን የፋሽን ዝንባሌ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች በወጣትነታቸው የለመዱትን ቅርፅ መግዛታቸውን አይተዉም። ቅርፅ ወሰን አያወጣም፤ በተገኘው ወሰን ውስጥ ወዴት እንደሚያጋድል ብቻ ይጠቁማል።

የመጠን ቁጥሩን ከውስጥ ዙሪያው ጋር ያነጻጽሩ። 57 ሳንቲ ሜትር በአሜሪካ 7⅛፣ በእንግሊዝ 7 ይባላል። ወረቀቱ 7⅛ እያለ ዙሪያው 55 ከሆነ ባርኔጣው ረጥቦ ደርቆ ተኮማትሯል፣ አለዚያም የውስጥ ቆዳው ተለውጧል።

ደረጃ 7፦ የተለወጠውን ክፍል ይያዙ

ጥሩ ባርኔጣ ይታደስ ነበር፤ ሪባኑ፣ ገበሩና የውስጥ ቆዳው ተለውጦ፣ ክፈፉም ለአዲሱ ፋሽን ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። በፌልቱ ላይ የድሮ ስፌት ቀዳዳ መስመር፣ ከሪባኑ ጠርዝ ውጭ የሚታይ ያልደበዘዘ ቀለም፣ ዙሪያው እኩል ያልሆነ ክፈፍ፣ ወይም ከአሁኑ ክር ጋር የማይሄድ ሁለተኛ ክር ይፈልጉ። አንዱን እንኳ ካገኙ የቆዳው ማስረጃ የቆዳውን ዕድሜ ብቻ እንደሚናገር ይመዝግቡ። ፌልቱ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

ደረጃ 8፦ የቤተሰቡን ነገር ያመሳክሩ

የቤተሰብን ትረካ እስከዚህ ደረጃ ድረስ ወደ ጎን ያድርጉት፤ አስቀድሞ የሰማው ሰው ማስረጃውን ወደ ትረካው ማጠፍ ይቀናዋል። አሁን ግን የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ይጠይቁ፦ ማን ለበሰው፣ መቼ አዩት፣ ከየት መጣ፣ ለማንስ ከማን ተላለፈ። ጥያቄው መልሱን በውስጡ የያዘ አይሁን፤ «ይህ የአያታችን የሠርግ ባርኔጣ ነው አይደል?» ከማለት «ይህን ባርኔጣ ያውቁታል?» ይበሉ።

የድሮ ፎቶግራፍ ካለ የሪባኑን ስፋት ከክፈፉ ስፋት ጋር ያለውን ተመጣጣኝነት፣ የቋጠሮውን ቅርፅና የጠርዙን አሠራር ያነጻጽሩ። ቀለምን አያነጻጽሩ፤ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ግራጫና ቡኒን አይለይም። ተመሳሳይ መሆኑም ያው ባርኔጣ መሆኑን አያረጋግጥም። በቆዳው ላይ በወርቅ የታተሙ የስም መነሻ ፊደላት ካሉ ከባለቤቱ ስም ጋር መግጠማቸውን ያረጋግጡ፤ ካልገጠሙ ባርኔጣው ከሌላ ሰው እጅ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 9፦ ወሰኑን ይጻፉ

ከታችኛዎቹ ወሰኖች መካከል የመጨረሻውን፣ ከላይኛዎቹ ደግሞ የመጀመሪያውን ይውሰዱ። ለምሳሌ በአንድ ግራጫ ፌዶራ ላይ የሚከተሉት ተገኙ እንበል፦ የምሥረታ ዓመት 1865፣ ከ1934 በኋላ ያለው የማኅበር ምልክት፣ ባለ ሁለት አኃዝ የፖስታ ቀጠና ያለው የሱቅ አድራሻ፣ 6.5 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ፣ ሰፊ ሪባን፣ የጥገና ምልክት የለም። 1865 ይወጣል። 1934 እውነት ቢሆንም 1943 ያጠበዋል። የላይኛው ወሰን 1963 ነው። ክፈፉና ሪባኑ ወደ መጀመሪያው ክፍል ያጋድላሉ። ስለዚህ መዝገቡ «ከ1943 እስከ 1963፤ በቅርፁ ምክንያት ወደ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ያጋደለ» ይላል። «1948» ብሎ መጻፍ ግን ማስረጃ የሌለው ጭማሪ ነው።

ሁለቱ ወሰኖች ቢጋጩ

የታችኛው ወሰን ከላይኛው ቢበልጥ፣ ለምሳሌ ቆዳው ከ1963 በኋላ ሆኖ ገበሩ ከ1918 በፊት የነበረ አገር ስም ቢይዝ፣ መካከለኛ ዓመት አይውሰዱ። መጀመሪያ ጽሑፎቹን እንደገና ያንብቡ፤ 3 እና 8፣ 1 እና 7 በደበዘዘ ወርቅ ላይ በቀላሉ ይምታታሉ። ከዚያ ወደ ደረጃ 7 ተመልሰው የትኛው ክፍል እንደተለወጠ ይፈልጉ። ካገኙ ለፌልቱ፣ ለቆዳውና ለገበሩ ሦስት የተለያዩ ወሰኖች ይጻፉ። ካላገኙ ሁለቱንም ማስረጃ ሳይሰርዙ በመዝገቡ ላይ ጎን ለጎን ያኑሩ፤ ፎቶዎቹን ለሙዚየም የአልባሳት ባለሙያ ወይም ባርኔጣ ለሚያድስ የእጅ ባለሙያ ያሳዩ። መዝገቡን አሲድ በሌለው ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፈው ከባርኔጣው ጋር በካርቶኑ ውስጥ ያኑሩት፤ በገበሩ ላይ አይስፉት፣ በቆዳውም ሥር አይክተቱት።